ሌላ ማን አለ?

ይህ ነገር የደረሰው በእኔው ላይ ነው። እመኑኝ ብዬ አልለምንም... እኔም ብሆን ከሰው አፍ ብሰማው "ሂጂ ወዲያ" ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

የዚህን ቻናል ታሪኮች ከዞተርሜር ወደ ዴን ሃግ በሚወስደኝ ትራም ላይ ሆኜ ነው የማነባቸው። አንዳንዶቹ ላይ ከት ብዬ ስቄ አጠገቤ የተቀመጡትን ፈረንጆች አስደንግጫለሁ። አሁን አልስቅም።

ማናለብሽ እባላለሁ። ታውስዞርኽ ነው የምሠራው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ሳያት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። እኔና እሷ ብቻ ነን።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ዕለት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ጨለማ የለም... ዝናብ የለም... በጠራራ ፀሐይ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሜኔር ሮሎፍ ልንገራችሁ፤ ሜኔር እዚህ አቶ እንደማለት ነው።

ሜኔር ሮሎፍ ሰማንያ ዓመታቸው ነበር። ዴን ሃግ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ድሮ ጠፈርተኛ ነበርኩ አሉኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ ሳቅሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስትቆዩ ጄኔራል ያልነበረ ሽማግሌ አታገኙም።

በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየሁት። ሦስት ወንዶች፣ ነጭ ልብስ፣ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው። መሐል ያሉት እሳቸው ናቸው።

ለሳምንት ወጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው እንደሚመለሱት ዓይነት አልነበሩም። አራት መቶ ሁለት ቀን ነው የቆዩት። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር፣ አንዲት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ።

የተወለዱት ጀልባ ላይ ነው። አባታቸው ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ወደብ የሚመላለስ የጭነት ጀልባ ነበራቸው። ስድስት ነፍስ በአንዲት ክፍል ያድር ነበር።

"የመረጡኝ ለጉብዝናዬ እንዳይመስልሽ" ይሉኝ ነበር። "ጠባብ ቦታ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስለማልጠላ ነው።"

እግራቸውን ሳጥብ ደግሞ ሁሌም ያንኑ ያነሣሉ።

"እዚያ ላይ ሰው አይራመድም፣ ይንሳፈፋል። ውስጥ እግር እንደ አራስ ልጅ ይለሰልሳል። የሚሻክረው የእግር ጀርባ ነው።"

"ለምን?"

"ቀጥ ብለሽ ለመብላትም ለመሥራትም እግርሽን ብረት ሥር ማስገባት አለብሽ። አለበለዚያ ትሄጃለሽ።"

ወደ ምድር ሲመለሱ የገዛ ራሳቸው እንኳ ከበዳቸው። መራመድ እንደ ሕፃን ተማሩ። የያዙትን ነገር አየር ላይ የመልቀቅ አመል ግን እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም። ሻይ ይጠጡና ኩባያውን ዝም ብለው ይለቁታል... ይንሳፈፍ ይመስል። ስለዚህ ኩባያቸው ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ሲተኙም ወገባቸው በቀበቶ ከአልጋው ጋር ታስሮ ነው። ሚስታቸው "የሄደውና የመጣው አንድ ሰው አይደለም" ብላ በዓመቱ ጥላቸው ሄደች።

ይህን ሁሉ እየሳቁ ያጫውቱኛል። ሁለት ነገር ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

አንደኛው... ቤታቸው ውስጥ በር የለም።

የመኝታ ቤቱ፣ የሽንት ቤቱ፣ የቁም ሣጥኑ ሳይቀር ተነቅሏል። ማጠፊያዎቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። ያለው የውጭው በር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ቆጠራው ነው።

በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አልጋቸው ላይ ቀና ይላሉ። ድምፃቸው በአንዴ የወጣት ድምፅ ይሆናል።

"አንድ።"

ትንሽ ይጠብቃሉ።

"ሁለት።"

"ሦስት።"

ሁለቱ ጓደኞቻቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሁሉንም የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ይጠይቃሉ...

"ሌላ ማን አለ?"

አሥር ጊዜ ይተነፍሳሉ። መልስ የለም። ትከሻቸው ይወድቃል፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ቀኑም ይጀመራል።

ከእኔ በፊት ትንከባከባቸው የነበረችው ፀዲ ነበረች። ሥራውን ስታስረክበኝ የእንክብካቤ መዝገባቸውን ገልጣ አሳየችኝ። በቀይ ተጽፏል፤ ጠዋት ሲቆጥሩ ማንም እንዳይመልስ።

"አንዴ አሳዝነውኝ 'እኔ አለሁ' አልኳቸው" አለችኝ። "እንደ ልጅ አለቀሱ፣ ማና። ለሁለት ቀን አልበሉም። አንቺ ዝም በይ።"

አራት ወር ዝም አልኩ። ለእኛ ለሐበሾች ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ማየት አንጀት ይበላል።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ።

ሳያት እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ስጠራት ግን እንደ ጓደኞቿ "ዋት?" ነው የምትለኝ። እኔ ደግሞ ይሄ "ዋት" የሚባል ነገር ደሜን ያፈላዋል።

"ትልቅ ሰው ሲጠራ ምንድን ነው የሚባለው?"

"አቤት።"

"ታዲያ?"

"ረሳሁት፣ እማ።"

በቀን አሥር ጊዜ ነው የምንጨቃጨቀው። "ባለጌ ልጅ አሳደገች እንዲሉኝ ነው?" እላታለሁ። ምን ነበር ዝም ብል።

እሑድ ዕለት የፊት ጥርሷ ወለቀ። እኛ በልጅነታችን የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ እንወረውር ነበርና፣ እሷም እንድትወረውር ባልኮኒ ላይ ይዣት ወጣሁ። አፓርታማ ስለሆነ ጣሪያው ሩቅ ነው። ቢሆንም በኃይል ወደ ላይ ወረወረችው።

ሁለታችንም አንጋጠን ጠበቅን።

ሲወድቅ አላየሁም። ድምፁንም አልሰማሁም።

"የት ሄደ?" አለችኝ።

"ወፍ ወስዶት ይሆናል" አልኳት።

በማግስቱ ማታ ትምህርት ቤቱ መልእክት ላከ፤ ማክሰኞ የመምህራን ጥናት ቀን ስለሆነ ትምህርት የለም። የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ይዣት ወደ ሜኔር ሮሎፍ ቤት ሄድኩ። ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። አማራጭ አልነበረኝም።

ብስኩት ሰጥቼ ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኳት።

"ጨዋ ሁኚ፣ እሺ? ትልቅ ሰው ቤት ነው።"

"እሺ።"

ስለ ቆጠራው ግን አልነገርኳትም። ረሳሁት... በቃ ረሳሁት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። እኔ መኝታ ቤት ካልሲያቸውን ይዤ ቆሜያለሁ።

"አንድ።"

"ሁለት።"

"ሦስት።"

ጣሪያውን አዩ።

"ሌላ ማን አለ?"

ከኩሽና ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

"አቤት!"

እውነቱን ልንገራችሁ... መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሳላስታውሳት፣ ሳልቆጣት፣ ልጄ ለሽማግሌ አቤት አለች። ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ፊታቸውን አየሁት።

ደም የሚባል አልቀረበትም። በገዛ እጃቸው ቀበቶውን ፈትተው፣ ያለ ምርኩዝ ተነሥተው ቆሙ። እኒያ ሁለት እርምጃ ለመራመድ እኔን የሚደገፉ ሰው!

"ማን ናት?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ይቅርታ ሜኔር፣ ልጄ ናት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ..."

"ምን ነው ያለችው?"

"'አቤት' ነው ያለችው። በኛ ቋንቋ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠራ የሚባል ነው።"

"አቤት" አሉ። እሳቸው ሲሉት ቃሉን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ይመስል ነበር።

ተንበርክከው ከአልጋው ሥር አሮጌ የካሴት ማጫወቻ አወጡ። ኩሽና ያለችው ልጅ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረጉት።

"ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነው" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት አለቃችን ይቆጥረን ነበር። የዚያን ቀን ለቀልድ ብሎ ነው የጠየቀው..."

ካሴቱ ዞረ። ሽውታ... ከዚያ የሦስት ወንዶች ድምፅ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አንዱ እየሳቀ "ሌላ ማን አለ?" አለ።

ሽውታው ብቻ ይሰማል።

"አቤት።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

እናት የልጇን ድምፅ አትስትም። የመጨረሻዋ "ት" በወለቀው ጥርስ መሐል ነፋስ ይዛ ስትወጣ ሳይቀር... ሳያት ነበረች። እሑድ ጥርሷ የወለቀው ሳያት። ካሴቱ ደግሞ እሷ ከመወለዷ ሃያ አምስት ዓመት በፊት የተቀዳ ነው።

"ጣቢያዋ ላይ አየር የሚያፈስ አንድ ክፍል ነበር" አሉ ሜኔር ሮሎፍ። "ዘግተን አሽገነዋል። ውስጡ አየር የለም። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በር ጀርባ ነው።"

"አልከፈታችሁም?"

"ብንከፍት ሦስታችንም እንሞታለን።"

"ከዚያስ?"

"በየጠዋቱ መጣች። መቶ ሰማንያ አምስት ጠዋት። ለማንም እንዳንናገር ተማማልን። አብዷል የተባለን ሰው ዳግመኛ ወደ ጠፈር አይልኩትም። እኛ ደግሞ ከዚያ ሌላ ሥራ አናውቅም።" ካሴቱን አቆሙት። "ስንሄድም እየጠራች ነበር። ጥለናት ሄድን።"

"ጣቢያዋስ?"

"ከዓመታት በኋላ ተቃጥላ ባሕር ገባች።"

በሮቹ ለምን እንደተነቀሉ ያኔ ገባኝ። በየጠዋቱ ለምን እንደሚጠይቁም ገባኝ። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት ያችን ልጅ ነው... ከመለሰች አሁን ሊከፍቱላት።

"ከቃሏ በኋላ የምትለው ነገር አለ" አሉኝ። "ትርጉሙን ሳላውቅ ልሞት ነው ብዬ ነበር።"

ካሴቱን መልሰው ከፈቱት።

"አቤት" አለች ልጄ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ልቅሶ በተናነቀው ድምፅ...

"እማ... በሩ አልከፈት አለኝ።"

ሜኔር ሮሎፍ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነው።

"ምን ትላለች?"

አየኋቸው። አንድ እግራቸው መቃብር የገባ ሰው ናቸው። እውነቱን ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ።

"'ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ' ነው የምትለው" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉኝ።

ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ባልዋሽ ኖሮ ምናልባት የሚነግሩኝ ነገር ይኖር ነበር። ምናልባትም አብረን አንድ መላ እንፈልግ ነበር።

ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ሳያት አለች። ብስኩቷን እየበላች፣ ከንፈሯ ላይ ፍርፋሪ ተጣብቆ። ጭምቅ አድርጌ አቀፍኳት።

"እማ፣ አመመኝ" አለች።

"ከዛሬ ጀምሮ አቤት እንዳትይ።"

"ምን?"

"ስጠራሽ 'ዋት' በይኝ። ማንም ቢጠራሽ 'ዋት' በይ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ..."

"ተሳስቼ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ተንጠለጠልኩ። ጥርሷ ላይ። ካሴቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥርሷ የወለቀ ነው። ስለዚህ የሳያት ጥርስ ከበቀለ፣ ያ ድምፅ የእሷ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። እስኪበቅል ብቻ ከዓይኔ እንዳትጠፋ።

በየጠዋቱ አፏን አስከፍቼ በስልኬ መብራት አየዋለሁ። ሽንት ቤት ስትገባ በሩ እንዳይዘጋ እግሬን አስገብቼ እጠብቃታለሁ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሌሎቹ እናቶች ሳይደርሱ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አስተማሪዋ ጠርታ "ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ?" ብላ ጠይቃኛለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ፣ የመታጠቢያ ጋውኗን መቀነት በወገቧ ላይ አሳልፋ ከአልጋው ጋር አስራዋለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"እንዳልሄድ ነው።"

"ወዴት?"

በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ።

የሽማግሌውን ቀበቶ አይታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልጅ ያየውን ይሠራል።

በዚያው ሳምንት ወተት ጠጥታ ብርጭቆውን አየር ላይ ለቀቀችው። ተሰበረ። ተሰብሮም ወደ ታች አላየችም... እጇን ነው ያየችው፣ ተገርማ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፀዲ ደወለች።

"ሜኔር ሮሎፍ አረፉ።"

"እንዴት?"

"ተኝተው ነው። ደስ ያለው ፊት ነበራቸው። ግን ማና... ቀበቶውን ፈትተውት ነበር።"

አለቀስኩ። ግማሹ ለእሳቸው ነው፣ ግማሹ ለራሴ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ድዷ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። በጣቴ ነካሁት። ጠንካራ ነው።

ጥርስ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሳያት ፀጉሬን ትዳብሰኛለች። በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ሌሊት ተኛሁ። ምግብ ጣመኝ። ጥርሷ ደግሞ በየቀኑ እያደገ መጣ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ ተከርክሞ። ውሎ አድሮ የምስቅበት ታሪክ ይሆንልኛል ብዬ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሳያት ኩሽና ቁጭ ብላ ቸኮሌት የተነሰነሰበት ዳቦዋን ትበላለች። እኔ መኝታ ቤት ልብስ እያጣጠፍኩ ነው። ሹራቧን ላለብሳት ብዬ ጠራኋት።

"ሳያት!"

"ዋት?" አለች ከኩሽና።

ፈገግ አልኩ። የፈለግሽውን በይ፣ ልጄ።

ያኔ... ከቁም ሣጥኑ ውስጥ...

"አቤት።"

ሹራቡ ከእጄ ወደቀ። የአልጋው ራስጌ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል።

ቁም ሣጥኑን በረገድኩት። ኮት ብቻ ነው።

"እማ..." አለች፣ አሁን ከሽንት ቤቱ። ያ ነፋስ አለበት። የወለቀው ጥርስ ነፋስ። "በሩ አልከፈት አለኝ።"

ሽንት ቤቱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ድምፁ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ገባ። ከከፈትኩት ሁሉ ጀርባ የለችም፣ ካልከፈትኩት ሁሉ ጀርባ አለች።

በዚያው ቀን መፍቻ ገዛሁ። እሑድ ማታ ቤቴ ውስጥ የቀረ በር የለም። ማጠፊያዎቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል።

የቀረው የውጭው በር ነው።

አሁን ከዚያ በር ጀርባ ነው የምትጠራኝ። ስከፍተው ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ስዘጋው ገና እጀታውን ሳልለቅ "እማ..." ትላለች። ስለዚህ መዝጋት ተውኩ። ይሄው ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ደፉ ላይ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። የታኅሣሥ ንፋስ በፎቁ ደረጃ እየወጣ ይገባል።

ዛሬ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጠየቅሁ።

"ሌላ ማን አለ?" አልኩ ወደ ኮሪደሩ።

አሥር ጊዜ ተነፈስኩ።

የመለሰችልኝ ከኋላዬ ነው፣ ከኩሽናው። ጥርሷ የበቀለው ሳያት።

"እማ... ዝጊውና ግቢ። በረደኝ።"

ዞር ብዬ አየኋት። ዳቦዋን አስቀምጣ ታየኛለች። ልክ ሜኔር ሮሎፍ እንደነገሩኝ፣ የሁለት እግሮቿን ጀርባ የጠረጴዛው ብረት ሥር አስገብታ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።